9 ቀን፣ 14 ምሳ፦ ከድሬዳዋ እስከ ዳካታ

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን 24 ዓመታችን ነው። ድሬዳዋና ሐረር ስንት ጊዜ እንደሄድን አልቆጠርኩም። ለሠርግ ሄደናል፣ ለለቅሶ ሄደናል፣ ለቁልቢ ሄደናል። አገሩን ለማየት ብለን ግን አንድም ቀን ሄደን አናውቅም። ሁሌ የሚሆነው አንድ ነው። «ነገ ጠዋት ባቢሌ እንሄዳለን» እንላለን። ነገ ጠዋት የባለቤቴ አክስት ቤት ቁርስ ይጠብቀናል። ቁርሱ ምሳ ይሆናል፣ ምሳው ቡና ይሆናል፣ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ይመሻል።

ዘንድሮ ሁለቱም ልጆች ከቤት ወጥተዋል። የዓመት ፈቃዳችንን አንድ ላይ ወሰድንና ጥቅምት 22 ተነሣን፣ ጥቅምት 30 ተመለስን። ጊዜውን መርጠን ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ የሐረርጌ ማሽላ ቀልቶ ሊታጨድ ደርሷል። ደግሞ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ዘመድ ቤት መሄድ ለጋባዡም ለተጋባዡም ጭንቅ ነው። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለ? እኛ ከአንድ በላይ ግጠናል።

ይህን የምጽፈው ዘመድ ጥየቃንና ሽርሽርን በአንድ ጉዞ ለማጣመር ላሰባችሁ ነው። እኛን ያስቸገረን መንገዱ አይደለም፣ ገንዘቡም አይደለም። ምሳው ነው። በ9 ቀን ውስጥ 14 ጊዜ ምሳ በልተናል። ከዚያ ውስጥ 7ቱ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ነው።

የሄድነው በባቡር ነው። ከለቡ ጠዋት ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ ድሬ ያደርሳል። በየቀኑ አለ ብላችሁ አትተማመኑ፣ ፕሮግራሙም ይለዋወጣል። ስለዚህ ቀናችሁን ከመቁረጣችሁ በፊት ትኬቱን ቁረጡ። መታወቂያ አትርሱ። የሚበላ ያዙ። መተሐራ ስትደርሱ ደግሞ ስልካችሁን አስቀምጡና በሰቃን እዩት። ሌላው ሐይቅ ሲሸሽ እሱ የሚገፋ ጉደኛ ሐይቅ ነው። እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ የመኪናውንም መንገድ የድሮውንም ሐዲድ ሲያስቸግር ኖሯል። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ብዙም ጥቅም አይሰጥም። በሰቃን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስጦታ ብለን የያዝነው የሸኖ ቅቤ ነበር። 3 ኪሎ፣ ክዳን ባላት ትንሽ የፕላስቲክ ባልዲ። ባቡሩ ውስጥ ደህና ነበር። አዲሱ ጣቢያ ግን ከተማው ውስጥ አይደለም፣ በመልካ ጀብዱ በኩል ወጣ ብሎ ነው። ከዚያ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ድረስ በባጃጅ ስንሄድ የድሬ ፀሐይ ሥራዋን ሠራች። ባልዲዋ የባለቤቴ ጭን ላይ ነበረች። ስንወርድ አንደኛው የሱሪው እግር ቅቤ ጠጥቶ ጠቁሯል። አዲስ አበባ ላይ ድንጋይ የሆነ ቅቤ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ዘይት ነው። ወደ ቆላ ቅቤ የምትወስዱ ሰዎች፣ አንጥሩትና ውሰዱ።

አክስቱ ሳቁብን። «የአዲስ አበባ ሰው ቅቤ ይዞ ሳይሆን ቅቤ ለብሶ ይመጣል እንዴ?» አሉ። ባለቤቴ አልተከራከረም። ገና ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላው ሱሪውን አውልቆ ሽርጥ አሸርጦ በረንዳው ላይ ተዘርግቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ከረባት የሚያስር ሰው ነው። ድሬ ሲገባ ግን አጥንቱ የሚላላ ይመስለኛል።

ድሬን ለማያውቅ ሰው የከተማዋን ታሪክ የአክስታችንን ያህል አሳጥሮ የሚነግረው የለም። የባቡር ሠራተኛ ሚስት ነበሩ። የባለቤቴ አባትም ሽመንደፈር ነው የሠሩት፤ ድሬዎች የድሮውን የባቡር ኩባንያ እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛ ስሙ ነው የሚጠሩት። «ባቡሩ ተራራ መውጣት ስላቃተው ነው እኛ የተወለድነው» ይላሉ እትዬ። እውነታቸውን ነው። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ሐረርን ለመድረስ ገደሉን መውጣት ነበረበት። ያ ሳይሆን ቀርቶ በ1895 ገደማ ሜዳው ላይ ጣቢያ ተተከለ፣ በጣቢያው ዙሪያ ከተማ በቀለ። መጀመሪያ ስሙንም አዲስ ሐረር ነበር ያሉት። ከዚራን በእግር ዞር ዞር ብትሉ የዚያን ዘመን ቤቶች፣ ሰፋፊ በረንዳዎችና መንገዱን ያለበሱትን ዛፎች ታያላችሁ። ግን ጠዋት ይሁን። ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ድሬ ትተኛለች። ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ይፈልጋል፣ በርጫ የሚቀመጠው ይቀመጣል። እስከ 10 ሰዓት ጉዳይ ለማስፈጸም አትልፉ።

አሁን አንድ ምክር። ከመነሣታችሁ በፊት ለቅርብ ሰው ደውሉና «ማን አርፏል?» ብላችሁ ጠይቁ። ነገሩ ይከብዳል፣ ግን ጠይቁ። እኛ አልጠየቅንም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ፈቲራ ልንበላ ወጥተናል። ልጁ ሊጡን ዘይት በተቀባው ጠረጴዛ ላይ በመዳፉ እየገፋ እንደ ነጠላ ያሳሳዋል፣ ከዚያ አንሥቶ ያወናጭፈዋል፣ እንቁላሉን መሃል አድርጎ በአራት ማዕዘን ያጥፈዋል። ዓይኔ እሱ ላይ ነው። ባለቤቴ የልጅነት ጓደኛውን አየና ዘሎ አቀፈው። «አቦ! ጠፋህ!» ተባባሉ። ቀጥሎ ባለቤቴ «እማማስ እንዴት ናቸው?» አለ።

ሰውየው ዝም አለ። የባለቤቴን ትከሻ ያዝ አድርጎ «አልሰማህም ማለት ነው» አለው። እናቱ ካረፉ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ባለቤቴን ያሳደጉ ሴት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መክሰስ የሚበላው እሳቸው ቤት ነበር። ፈቲራው ቀዘቀዘ። ተያይዘን ቤታቸው ሄድን። ባለቤቴ በሩ ላይ እንደ ልጅ ነው ያለቀሰው። ለወደፊቱ ቅደም ተከተላችን ይህ ነው፦ መጀመሪያ ያልደረስነው ለቅሶ፣ ቀጥሎ የታመመ፣ ከዚያ የወለደች። ግብዣው ኋላ ይደርሳል።

እሱ ቤት ደግሞ ምሳ ሳይበላ መውጣት አይታሰብም። እዚያ በላን። አክስቱ ቤት ደግሞ ምሳ ተሠርቶ ጠበቀን፣ በላን። ሳቢያን ያለው የአጎቱ ልጅ 9 ሰዓት ላይ «ቀለል ያለች ነገር» ብሎ ሩዝ በሥጋ አቀረበ፣ በላን። ሦስት ምሳ ማለት ይህ ነው። አልበላም ማለት አይቻልም። «ጥቂት ቅመሱ» ሲሏችሁ ጥቂት መቅመስም አይቻልም፣ ጎራሽ አለ።

መፍትሔውን የነገረችን የአጎቱ ልጅ ሚስት ናት። «ድሬ ላይ ማን በፀሐይ ሰው ይጠራል? ማታ አድርጉት» አለች። ልክ ናት። ድሬ ነፍስ የምትዘራው ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ሁሉንም ዘመድ አንድ ማታ አንድ ግቢ ሰብስቡ። ወንበር ወደ ውጪ ይውጣ። ሁሉም አንድ አንድ ነገር ይዞ ይምጣ። ስድስት ቤት ከመዞር ስድስቱን ቤት ወደ እናንተ ማምጣት። የሚቀየም አይጠፋም፣ ግን አብሮ የተቀየመ ሰው ቶሎ ይታረቃል። እኛ ይህን የሰማነው ሰባተኛውን ምሳ ከበላን በኋላ ነው። ለመመለሻችን ግን አዋልነው።

ከድሬ ሳልወጣ ስለ ደቻቱ ወንዝ ልበል። ብዙውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። እትዬ እስከ ዛሬ ወደ ደገኛው ተራራ ደመና ካዩ አይተኙም። ዝናቡ እላይ ነው የሚዘንበው፣ ውሃው ግን ታች ነው የሚደርሰው። በጥቅምት ብዙ ስጋት የለም። ክረምት ላይ የምትሄዱ ከሆነ ግን አሸዋውን አትመኑት። ሌላው ትንኝ ነው። አጎበር ጠይቁ። የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ በቀን ነው የምትነክሰው፤ እጅጌ ያለው ስስ ልብስ ቀንም ያስፈልጋችኋል።

በአራተኛው ቀን ወደ ላይ ወጣን። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባስ እንደ ልብ ነው። ደንገጎን ስትወጡ ጆሮ ይደፈናል፣ አየሩ በየመታጠፊያው ይቀየራል። ታች ላብ ያሰመጠው ሸሚዝ ላይ ላይ ሲደርሱ ይበርዳል። ሹራብ ከሻንጣው በላይ ይሁን። መንገድ ዳር ልጆች ጥንቅሽ እንደ ማገዶ አስረው ይሸጣሉ። አንድ እስር ገዛን። ባለቤቴ በጥርሱ ሲልጥ ከንፈሩን ቆረጠው፣ እኔም «ሽማግሌ» አልኩት። የሸጠችን ልጅ ከእኔ በላይ ሳቀች።

ሐረማያ ላይ ወረድን። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ባወራ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ዓለማያ የተማርኩት ከ1984 እስከ 1988 ነው። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ያኔ ዓለማያ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ነበር የሚባለው። እሑድ እሑድ ሐረማያ ሐይቅ ዳር እንሄዳለን። ደብተር እንይዛለን፣ አናነብም። ባለቤቴን ያገኘሁት እዚያ ነው። የክፍላችን ልጅ ዘመድ ነበር፣ ሊጠይቀው ከድሬ መጥቷል። ነጭ ሱሪ ለብሷል። እኔ አጠገብ መጥቶ ጭቃ ላይ ቁጭ አለ። እስከ ዛሬ «ጭቃ መሆኑን አላየሁም» ይላል። እኔ ግን አይቶ እንደተቀመጠ ነው የማውቀው። ከዚያ የሱሪው ነገር ወሬ ሆነና ማውራት ጀመርን። (አሁን ሳስበው የዚህ ሰውዬ ሱሪ ሁሌ ታሪክ አለው።)

በ1998 የሦስት ዓመት ልጃችንን ይዘን ተመልሰን መጣን። ሐይቅ የለም። ጭቃው ተሰነጣጥቋል፣ በላዩ ሣር በቅሏል፣ ከብት ይግጣል። ልጆች መሃሉ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ባለቤቴ ልጅቷን አቅፎ «እናትሽን ያገኘኋት እዚህ ነው» ሲላት ጣቱ የሚያመለክተው ላም ላይ ነበር። ሳቅን። ስንመለስ ግን መኪና ውስጥ ማንም አላወራም።

ጥፋቱን ጫት ላይ ብቻ መለጠፍ ይቀላል። ብዙ ሰው ይለጥፋል። እኔ ግብርና ስለተማርኩ እንዲያ ብዬ ማለፍ አልችልም። ሐይቁ ከመነሻውም ጥልቅ አልነበረም። ዙሪያው ያለው ተራራ ሲራቆት አፈሩ እየታጠበ ገባበት። ገበሬው ለጫቱም ለድንቹም በሞተር ሳበው። ሐረር ከተማም ለዓመታት የጠጣችው ከዚሁ ነው፣ እኛ ተማሪዎቹም ጠጥተንበታል። ሁሉም የራሱን ጣሳ ብቻ ነው ያየው። ሐይቁ ሲደርቅ ሐረር ውሃ ከድሬዳዋ በኩል፣ ከሐሰሊሶ፣ ወደ ላይ እየተገፋ እንዲመጣላት ሆነ። በሰቃ ማንም የማይጠጣው እየሰፋ፣ ሐረማያ ሁሉም የሚጠጣው ደረቀ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ውሃው ተመልሷል። ሰምቼ ነበር። ማየት ሌላ ነው። ከመንገዱ ወርደን በማሳዎቹ መካከል በእግር ሄድን። ነጫጭ ወፎች ጭቃው ላይ ቆመዋል። አንድ ልጅ ጀልባ ላይ ተቀምጦ እንድንገባ በእጁ ይጠራናል። ውሃው ጠርዝ ላይ የጎማ ቱቦ እንደ እባብ ተጋድሞ ገብቷል፣ በሌላኛው ጫፍ ሞተር ይንደቀደቃል። ካለሁበት ቆሜ ሦስት ሞተር ቆጠርኩ። ደስታዬ ግማሽ ሆነ። ባለቤቴ ግን ሌላ ሥራ ይዟል። ያን የጭቃ ቦታ ይፈልጋል። «እዚህ ነው» ይላል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ «አይ፣ እዚህ ነው» ይላል። ዳርቻው ተለውጧል፣ ምልክት ያደረግናቸው ዛፎች የሉም። በመጨረሻ አንድ ቦታ ቆመና «በቃ እዚህ ይሁን» አለ። አሁን የለበሰው ሱሪ ጥቁር ነው፣ አልተቀመጠም።

እዚያ ስትሄዱ አንድ ነገር፦ ማሳው የሰው ነው። ሰላምታ ስጡ፣ «እንለፍ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊትም እንዲሁ።

አወዳይን በመስኮት አይተን አለፍን። የጫት ገበያ ነው፣ ግርግሩ ከሩቅ ይሰማል።

ሐረር የተቀበለችን የዶርም ጓደኛዬ ናት። ሐረሪ ናት፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ ነው ቤቷ። አራት ዓመት አንድ ክፍል ኖረናል። ረቡዕና አርብን ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ እኔም ረመዳን ሲገባ ማታ ማታ ውሃ አቀርብላት ነበር። ሥጋ ላይ የሁለታችንም ልማድ የተለያየ ነው፣ እሱን ገና በተማሪነታችን ጨርሰነዋል፦ እሷ ቤት እንቁላልና ዓሣ፣ እኔ ቤት እንቁላልና ዓሣ። ያን ቀን በአብሽ የሚሠራውን ሁልበት መረቅ ያለ ሥጋ ሠርታ ጠበቀችን። እንዲህ ያለ ወዳጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ጉዳዩን አታፍሩበት። አስቀድማችሁ በስልክ ተነጋገሩት። ሰው ቤት ደርሶ፣ ገበታ ቀርቦ ማንገራገር ነው የሚያሳፍረው።

የሐረሪ ቤት ከገባችሁ ቸኩላችሁ አትቀመጡ። ሳሎኑ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉት፣ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ። ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። የት እንደምትቀመጡ እስኪነገራችሁ ጠብቁ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው። በበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። የጓደኛዬ ቤት ላይ አሁን የለም። «ባለፈው ዓመት ድሬ ዳርናት» አለችኝ፣ ባዶውን ቦታ ቀና ብላ እያየች። የእኔም ልጆች ክፍል ባዶ ነው። ሁለታችንም ወሬ ቀየርን።

ጀጎልን አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነው ይባላል። በ1998 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ቀጫጭን መንገዶቹ ውስጥ ካርታ አያስፈልግም፤ ጥፉ። ወደ ታችም ወደ ላይም ሄዳችሁ ከግንቡ ጋር መገናኘታችሁ አይቀርም። መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ጠዋት ጨርቅ ሰጥቼ ማታ ቀሚስ ተቀበልኩ። ጅቦቹ ጋም ሄድን። ጓደኛዬ «ጅብ ለማየት ገንዘብ ይከፈላል እንዴ? ሌሊት በራችን ላይ እኮ ያልፋሉ» ብላ አልመጣችም። ጅቦቹን የሚያበላው ሰውዬ በስማቸው ይጠራቸዋል፣ ከጨለማው ይመጣሉ። ባለቤቴ ሥጋ የተሰካበትን ዘንግ በጥርሱ ይዞ ጅቡ ከአፉ ነጠቀው። ቪዲዮ እንድቀርጸው ሰጥቶኝ ነበር። እጄ ተንቀጥቅጦ የቀረጽኩት መሬቱን ነው። እስከ ዛሬ አልተረሳልኝም። ይህን እንዲቀርጽ ለጠንካራ ሰው ስጡ።

ወደ ዋናው ልምጣ። ዳካታ። ጎብኚዎች የድንቅ ሸለቆ ይሉታል። ከሐረር በጅጅጋ መንገድ ባቢሌን፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ታልፉና ትንሽ ትሄዳላችሁ። ኮንትራት መኪና ያዝን። ባለመኪናው ሲደርስ ከተስማማነው ዋጋ ላይ ጭማሪ ጠየቀ። «ደርሶ መልስ፣ መቆያም ጭምር» ብላችሁ አስቀድማችሁ ቃል በቃል ተነጋገሩ፤ እኛ «ዳካታ አድርሰን» ብቻ ነበር ያልነው። እሱ አድርሶናል፣ ስህተቱ የእኛ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን ሰዓቱ ነው። ጓደኛዬ 12 ሰዓት ላይ ውጡ ብላን ነበር። ቁርስ ሠርታ አስቀመጠችን። እዚያም ምሳው አሸነፈን ማለት ነው። ዳካታ የደረስነው 5 ሰዓት ላይ ነው። በእጃችን የነበረው አንድ ሊትር ውሃ።

ቦታው ግን! ከመንገዱ ግራና ቀኝ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሯል። ሰው የደረደረው ይመስላል፣ ማንም አልደረደረውም። ግራናይት ነው። ስንጥቁ ውስጥ ውሃ እየገባ፣ ፀሐይና ብርድ እየተፈራረቀበት፣ ላላ ያለው ተበልቶ ታጥቦ ሲሄድ ጠንካራው ቀረ። አንዱ እንደ ዳቦ ክብ ነው፣ አንዱ እንደ ሰው አንገቱን አዘንብሏል። በጣም የታወቀው አንድ ትልቅ ድንጋይ በጫፉ ብቻ ሌላ ድንጋይ ላይ ቆሟል። ከሥሩ ገብቼ መገጣጠሚያውን አየሁት። ሁለቱ የሚነካኩበት ቦታ ከአንድ ሰፌድ አይበልጥም። እንሽላሊት ክፍተቱ ውስጥ ተኝታ ታየኛለች። ንፋሱ ሲመጣ ሳላስበው ጎንበስ አልኩ። እንሽላሊቷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ዙሪያውን ግራር፣ ቁልቋል፣ ሬት፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ። ዝንጀሮዎች ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ይታዘቡናል። ግማሽ ሰዓት ብለን ገብተን ሁለት ሰዓት ቆየን። ውሃው አለቀ። ባለቤቴ ማዞር ጀመረው፣ ፊቱ ደረቀ። አንዲት ግመል የምትጠብቅ ልጅ አየችን። ቋንቋ አንግባባም። ከጄሪካኗ ውሃ በጣሳ ቀዳችለት፣ ቀጥሎ ደግሞ የግመል ወተት። ገንዘብ ስሰጣት እጇን አጠፈች። ባልዲ ሙሉ ቅቤ ለዘመድ ይዘን የሄድን ሰዎች ለራሳችን ሁለት ጠርሙስ ውሃ አልያዝንም።

ስለዚህ፦ በንጋት ውጡ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ ያዙ፣ ባርኔጣና ጠንካራ ጫማ ይኑራችሁ። የመንገዱን ሁኔታም በዚያው ጠዋት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ባቢሌ ስትመለሱ ለውዝ ግዙ። በጥቅምት ገና ከአፈሩ የወጣ ነው። ከገዛነው ግማሹ እርጥብ ነበር፣ ጣዕሙ ሌላ ነው።

ባቢሌ የዝሆን መጠለያም አለ፣ በ1962 የተከለለ። አልሄድንም። ዝሆኖቹ በሰፊው ሸለቆ ውስጥ ይዘዋወራሉ፣ ጠባቂ ይዞ ብዙ በእግር መሄድ አለ፣ ሄዶም ሳያዩ መመለስ አለ። የባለቤቴ ጉልበት እሺ አላለም። መሄድ ከፈለጋችሁ ለብቻው ቀን መድቡለት፣ ከዳካታ ጋር በአንድ ቀን አታጣብቁት።

ስንመለስ ቁልቢን ተሳለምን። ራስ መኮንን ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ በኋላ እንደገና ታንጿል። ታኅሣሥ 19 እግር መጣያ የማይገኝበት ግቢ በጥቅምት ጸጥ ብሏል። የሁለት መነኮሳት እርምጃ ይሰማል። ስለት ያላችሁ ለንግሡ ሂዱ። መጸለይ ብቻ የምትፈልጉ ግን በዚህ ወቅት ሂዱ።

የመጨረሻዋ ማታ እትዬ ግቢ ሁሉም ተሰበሰበ። ከሃያ ሰው በላይ ነበር። ወንበር ከየጎረቤቱ መጣ። የሳቢያኑ የአጎት ልጅ ሩዙን ይዞ መጣ። ያ እናቱ ያረፉበት ጓደኛም መጥቶ ከባለቤቴ ጎን ተቀመጠ፣ ሁለቱም ሽርጥ አሸርጠው እስከ እኩለ ሌሊት አወሩ። አንዲት አሮጊት ዘመዳችን ብቻ ተቀይመዋል፣ ቤታቸው አልሄድንም። «በሚቀጥለው መጀመሪያ እርስዎ ጋ» ብለን ምለናል።

ጠዋት ባቡር ልንሳፈር ስንወጣ እትዬ ያቺን የቅቤ ባልዲ አመጡ። ታጥባ፣ ክዳኗ በጨርቅ ታስሮ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። «አዲስ አበባ ሳትደርሱ እንዳትከፍቷት» አሉ። ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ነበር። አዋሽ ስንደርስ ግማሹ አልቋል።